የእናቴን እግር እያየሁ «እጅግ መልካም» ማለት አቃተኝ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ስለ ተምች እያወራን ነበር። አንዲት ትንሽ ተርብ ተምቹ ሆድ ውስጥ እንቁላል እንደምትጥል፣ የሚፈለፈሉት ትሎችም ተምቹን ከነነፍሱ ከውስጥ እንደሚበሉት ነገርኳቸው። አንድ ልጅ እጁን አወጣና ‹ቲቸር፣ እግዚአብሔር እጅግ መልካም ነው ያለው ይህንንም ጭምር ነው?› አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እናቴ ዝሆኔ ይዟት 20 ዓመት አልፏታል። ጎረቤት እርግማን ነው ይላል። የዘር ነው የሚሉም አሉ፤ በዚህ ሰበብ የእህቴ ጋብቻ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ፈርሷል። እናቴ ጫማ አውልቃ መግባት ስለምታፍር ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትታለች። ጸሎተ ሐሙስ ሲደርስማ አሞኛል ብላ ተሸፋፍና ትተኛለች። እኔ ልጆቹን ስለ ፍጥረት መልካምነት ሳዘምር ጉሮሮዬን ይይዘኛል። እምነቴን እያጣሁ ይሆን? ልጁንስ ምን ልበለው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ መነጽሬን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግርሻለሁ።

ቀላሉን ላስቀድም። እምነትሽን እያጣሽ አይደለም። እምነት የተለየው ሰው መዝሙር መሀል ጉሮሮውን አይዘውም። እንደ ሬዲዮ ይዘምራል፤ አለዚያም ይቀራል። አንቺ የምትዘምሪውን ቃል የምር ስለያዝሽው ነው የከበደሽ።

ሌላው፣ ሁለት ጥያቄ በአንድ ፖስታ ልከሽልኛል። የተማሪሽና የእናትሽ። ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ልጁ ማወቅ ይፈልጋል። እናትሽ ስለ ተርብ ምን ቸገራት? ለልጁ የሚሆነውን መልስ ወስደሽ ለእሷ ብትሰጫት፣ እንጀራ ለለመነ ድንጋይ ማቀበል ይሆንብሻል።

ከልጁ እንጀምር። መጀመሪያ እንዳታፍሪበት። ያነሳው ጥያቄ ትልልቅ ሰዎችን እንቅልፍ የነሳ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1860 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ለኤሳ ግሬይ በላከው ደብዳቤ ያነሳው ይህንኑ የተርብ ነገር ነው። ቸርና ሁሉን ቻይ የሆነ አምላክ እነዚህን ተርቦች አስቦበት ፈጠራቸው ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም ነበር ያለው። ግሬይ የዳርዊንን ሳይንስ የተቀበለ፣ ግን ከክርስትናው ያልተነቃነቀ ሰው ነበር። በዚህ ነገር ሳይስማሙ ወዳጆች ሆነው ኖሩ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ዳርዊን ያንን ከመጻፉ 9 ዓመት በፊት የ10 ዓመት ልጁን አኒን ቀብሯል። ስለ ተርብ ሲጽፍ ስለ ተርብ ብቻ የጻፈ አይመስለኝም። አንቺም ክፍል ውስጥ የተጠየቅሽው ስለ ተርብ ነው፤ የሰማሽው ግን ስለ እናትሽ።

ልጁን እርሻ ይዘሽው ውጪ። የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባ ጊዜ የበቆሎ ገበሬው ያየውን አበሳ ቤተሰቦቹ ይነግሩታል። ትልቅ ትንሽ ሳይል ሰው ማሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ በእጁ ሲለቅም ነበር የሚውለው። ከዚያ ተምች ጠላቶች መካከል እነዚያ የሚዘገንኑት ተርቦች ይገኙበታል። ክፍሉን ያስደነገጠችው ተርብ የልጁን ቤት በቆሎ ታተርፍ ይሆናል። ግን እዚህ ላይ አሸነፍኩ ብለሽ እንዳታቆሚ። ልጁ እኔ እንደገመትኩት ከሆነ፣ «እሺ፣ ተምቹስ?» ይልሻል። እውነቱን ነው። ተምቹን ማን ጠየቀው?

ስለዚህ ወደ ቃሉ ተመለሱ። ዘፍጥረት «እጅግ መልካም» ነው የሚለው። እንከን የለሽ፣ ያለቀለት አይልም። ያው መጽሐፍ ገና ሰው ሳይበድል «ግዙአት» ይላል፤ የሚገዛ፣ የሚገራ ነገር ነበረ ማለት ነው። አዳምንም ገነት ያስገባው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» ነው። ያለቀ ነገር ምን ይበጃል? ከምንስ ይጠበቃል? እባቡም እኮ እዚያው ነበር። ጎጃም ተወልደሽ ይህ አይጠፋሽም። ለገበሬ መልካም መሬት ማለት ድንጋይ የሌለው መሬት አይደለም። የሚያበቅል መሬት ነው። ድንጋዩን እየለቀመ ይኖራል።

«እሾህና አሜከላ የመጣው በአዳም ነው» የሚል ይኖራል። አዎ፣ መጽሐፉ ይላል። ቅዱስ ባስልዮስም ስድስቱን ቀናት ሲተረጉም ጽጌረዳ መጀመሪያ እሾህ አልነበራትም ብሏል። ግን ሁሉን በአዳም ጫንቃ ላይ መጫን አይቀናኝም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርጂ የገደሉን ግድግዳ አይተሽው ታውቂያለሽ። ከላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ወረድ ሲል አሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ የባሕር ፍጡራን ቅሪት ያለበት ነው። ሰው የሚባል ሳይኖር የኖሩና የሞቱ ናቸው። ሞት እዚያ ግድግዳ ላይ ከእኛ በፊት ተጽፏል። ይህን ከዘፍጥረት ጋር እንዴት እንደሚያስታርቁት ሊቃውንት አንድ ቃል የላቸውም። እኔም የአምድ ጸሐፊ እንጂ መጋቤ ሐዲስ አይደለሁም።

ይልቅ ያ ድንጋይ አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ ለልጁ ንገሪው። የእኛ ደጋ ዝናብ ብዙ ነው። ያው የሚያበቅለን ዝናብ የአፈሩን ካልሲየምና ማግኒዥየም አጥቦ ይወስድና መሬቱን አሲዳማ ያደርገዋል። ገብሱ ይቀጭጫል፤ ስንዴው እንቢ ይላል። መድኃኒቱ ምንድን ነው? የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ማሳ ላይ ይበተናል። ከአዳም በፊት የሞተ የባሕር ቀንድ አውጣ የዘንድሮን ስንዴ ያክማል። ይህ ሁሉን ነገር አይመልስም። ግን ባስበው አልጠግበውም።

ለሰንበት ተማሪዎችሽ ደግሞ ከሮሜ 8 አንዲት ቃል ጨምሪላቸው። «ፍጥረት ሁሉ እስከ አሁን ድረስ አብሮ በመቃተትና በምጥ መኖሩን እናውቃለንና።» ጳውሎስ ፍጥረት ደህና ነው አላለም። ይቃትታል አለ። ምጥ ግን የሞት ጣር አይደለም። ልዩነቱን ከእናቶች በላይ የሚያውቅ የለም። «መልካም ነው» የሚለውንና «ይቃትታል» የሚለውን አንድ መጽሐፍ ይዞታል። አንዱን ቆርጠሽ ለልጆቹ ስታቀርቢ ነው ጉሮሮሽን የሚይዝሽ።

አሁን ወደ እናትሽ።

ደጅ ያወጣኝ ይህ ነው። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ዝሆኔ ነበረባት። ከጮቄ ሥር ነው ያደግነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ቡና ስታፈላ እግሯን ቀሚሷ ውስጥ ቀብራ ነው የምትቀመጠው። ልጅ ሆኜ እንደዚያ መቀመጥ የጨዋ ሴት ወግ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ሰባኪ ቤታችን መጥቶ «አይዞሽ እናቴ፣ ለበጎ ነው» አላት። አክስቴ ምላሷ ስል ነበር። «ለበጎማ ከሆነ ለእርስዎ በሰጠዎት» አለችው። ሰውየው ቡናውን ሳይጨርስ ሄደ። ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። እኔ እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ስብከቶች ያቺን የምታህል የለችም።

«ለበጎ ነው» የራስ ሕመም ላይ የሚባል ቃል ነው። ታማሚው ራሱ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እንባው ደርቆ ካለው ይበል። በሰው እግር ላይ ቆሞ «ለበጎ ነው» ማለት ግን ነውር ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደህና ነበሩ። አፋቸውን የከፈቱ ቀን ነው የተበላሹት።

እርግማን ነው ለሚሉት ጎረቤቶችሽ መልስ አለሽ። ዮሐንስ ወንጌል 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ነው የበደለ፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ ብለው ጠየቁ። የጎጃም ጎረቤት የሚጠይቀውን ማለት ነው። ጌታ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም አላቸው። ቀጥሎ ያደረገውን ልብ በይው። ምድር ላይ እንትፍ ብሎ ጭቃ አደረገና ዓይኑን ቀባው። ከዚያ ሂድና ታጠብ አለው።

ጭቃውን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። የእናትሽ በሽታ ከአፈር ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ልንገራቸው። በሌላ አካባቢ ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፍ ትል ይመጣል። በእኛ ደጋ የሚበዛው ግን ከትንኝም ከትልም አይደለም። እሳተ ገሞራ ካፈሰሰው ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ይገባና የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሰውን ቧንቧ ያስቆጣዋል፤ ቀስ በቀስም ይዘጋዋል። ነገሩ ከአፈሩ መሆኑን በማሳየት በብዛት የሚነሳው ኧርነስት ፕራይስ የሚባል ብሪታንያዊ ሐኪም ነው፤ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን ሠርቷል። የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት አያስይዝም።

«የዘር ነው» የሚሉት ደግሞ ግማሽ እውነት ይዘው ነው ሙሉ በደል የሚሠሩት። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አንዳንድ ሰዎች በዘረ መላቸው ምክንያት ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆኑ አሳይቷል። አንድ ማሳ ላይ ሁለት ሰው በባዶ እግሩ አርሶ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚተርፈው አንድም በዚህ ነው። ግን ተጋላጭነት በሽታ አይደለም። ጫማ ያደረገ ልጅ አይታመምም። እህትሽ ከልጅነቷ ጫማ ካደረገች ያ የፈረሰው ጋብቻ የፈረሰው በድንቁርና ነው። ይህን ለሽማግሌዎቹ ሂጂና ንገሪያቸው። አፍረሽ አትቅሪ፤ አንቺ መምህርት ነሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልሽ። ጮቄ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት እሳት የሚተፋ ተራራ ነበር። ያ እሳት ባይፈስ ይህ አፈር የለም። አፈሩ ከሌለ ጤፉም፣ ድንቹም፣ አንቺና እኔም የለንም። ያበላን አፈር ነው እግሯን የበላው። ለእኔ ይህ ሐሳብ ብዙ ነገር ያቀልልኛል። ዓለም የተሠራችበት ነገር መስጠትና መጉዳቱ እንዲህ የተጠላለፈ ነው፤ አንዱን ስትመዢ ሌላው አብሮ ይወጣል። ግን እባክሽ ይህን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ክፍል ውስጥ ያምራል። እሷ አጠገብ ቁጭ ብሎ ስለ እሳተ ገሞራ ማውራት ግን ያው የዚያ ሰባኪ ነገር ነው።

ባስልዮስን አነሳሁ አይደል? በስሙ ስለምንቀድስበት ስሙን ታውቂዋለሽ። መርዛማ ተክል ለምን ተፈጠረ ተብሎ ሲጠየቅ ለእኛ መርዝ የሆነውን ቅጠል ወፎች በልተው አይሞቱም፣ ሁሉ ነገር ለእኛ ሆድ አልተፈጠረም ብሎ መልሷል። ጥሩ መልስ ነው። ግን አገሩ ቀጰዶቅያ በ369 እ.ኤ.አ. አካባቢ በረሃብ ስትመታ ባስልዮስ መልስ ይዞ አልተቀመጠም። ጎተራ የዘጉትን ባለጸጎች በስብከት አስከፈታቸው። ራሱ ቆሞ ሾርባ አደለ። ኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠጊያ ሠራ። ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ራሱ ያቅፋቸው እንደነበር ወዳጁ ጎርጎርዮስ ከባስልዮስ ሞት በኋላ ባሰማው የመታሰቢያ ንግግር መስክሯል። ስለ ፍጥረት ያንን ሁሉ የጻፈ ሰው የሕሙማንን ቁስል በእጁ የነካ ነው። ለዚህ ነው ቃሉን የማምነው።

ለእናትሽ የምትነግሪያት ነገር ካስፈለገሽ የነሐሴን አስቢ። ቤተ ክርስቲያናችን ከነሐሴ 10 ጀምሮ ያለውን ጊዜ ዕጓለ ቋዓት ትለዋለች፤ የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ትውፊቱ ቁራ ጫጩቶቿ ሲፈለፈሉ መልካቸው እንግዳ ሆኖባት ትታቸው ትሄዳለች ይላል። ይጮኻሉ። እግዚአብሔር በአፋቸው ትንንሽ ነፍሳት እየላከ ያኖራቸዋል። (አንቺ ቁራ ልጆቿን ትመግባለች ብለሽ ልታርሚኝ ነው። ተይኝ። መዝሙረኛው «ለሚጠሩት» ያላቸው እነዚህን ጫጩቶች ነው።) አባቶች ለዘመን ስም ሲያወጡ ንስሩን ወይ ርግቧን መምረጥ ይችሉ ነበር። ጎተራ በሚጎድልበት፣ ጭቃው በሚበረታበት በነሐሴ የመረጡት እናቱ መልኩን የጠላችበትን ጫጩት ነው። ጩኸቱንም ጸሎት ብለው ቆጠሩለት። ስለዚህ እናትሽ «መልካም ነው» ብላ መዘመር የለባትም። ካሻት ታልቅስ።

ቤተ ክርስቲያን መቅረቷን በተመለከተ ለንስሐ አባቷ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ከሕዝብ ፊት ሳይሆን እቤት መጥተው፣ ቡና ጠጥተው ያጫውቷት። ጸሎተ ሐሙስ ካህኑ በወይራና በወይን ቅጠል እግር የሚያጥበው፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ስላጠበ ነው። ያኔ እግር አቧራ የያዘ፣ የሚገማ ነገር ነበር። ያማረ እግር አልተፈለገም። ዘንድሮ ትሂድ ብለሽ ግን አታስገድጃት። በመጀመሪያ እግሯ እቤት ይታጠብ።

ይህን ደግሞ አንቺ አድርጊው፤ ማታ ማታ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጃትና ይዩላት። በረኪና በውሃ እንዴት እንደሚቀጠን መጠኑን እዚያ ያሳዩሻል፤ በግምት አታድርጊው፣ ያቃጥላል። በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቢላት። የጣቶቿን መሀል በደንብ አድርቂ፤ ቁስል የሚጀምረው እዚያ ነው። ቫዝሊን ቀቢያት። ስትተኛ እግሯ ከፍ ይበል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን እዚያው እናንተው ዘንድ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ወደ 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እግሩ ድንገት ግሎና ቀልቶ ከትኩሳት ጋር የሚያስተኛቸው ሕመም ቀንሶላቸዋል። እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ 20 ዓመት ብዙ ነው።

ለአክስቴ ይህን ማንም አላደረገላትም። እኔም አላደረግኩላትም። ከተማ ገብቼ ደመወዝ ማግኘት ስጀምር ነጠላ ገዝቼላት ሄድኩ። ጫማ መግዛት አላሰብኩም፤ ለሷ የሚሆን ጫማ ሱቅ ውስጥ አልነበረማ።

አንቺም ሱቅ ለሱቅ አትዙሪ። የሷን እግር የሚችል አታገኚም። ወፍራም ክር ውሰጂና ሦስት ቦታ ለኪ፤ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት፣ በመዳፉ ዙሪያ፣ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ። ማታ ለኪው፣ ቀን ቆማ ስትውል ስለሚጨምር። ሁለቱ እግሮች እኩል አይሆኑም፤ ለየብቻ ለኪና ክሩን ቋጥሪበት። ጫማ ሰፊው ዘንድ ስትሄጂ ቆዳው ለስላሳ ይሁን፣ በውስጥ በኩል ስፌት አይኑረው፣ ከላይ ሰፊ ተከፍቶ በክር የሚታሰር ይሁን በይው። ቀለሙን እሷ ትምረጥ።